በቤተ ክርስቲያን ላይ ለሚነሡ ተቃውሞዎች መልስ ስለ መስጠት

ባለፈው በጋ በሰሜን ሸዋ በሚገኝ አንድ አጥቢያ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ለመጀመር ከምእመናን ጋር እየተመካከርን ሳለ አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ እጁን አነሣና «አባቶች ይቅር በሉኝ፤ በዓሉ ሥራ አላስኬደንም። ከወሩ ገሚሱ ሞፈርና ቀንበር የማይነካበት ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ሳታስተካክል ስለ ልማት ልታስተምረን አይገባም» አለ። ከካህናቱ አንዱ ተቆጥተው «መናፍቅ» ብለው ገሠጹት። ሌሎችም ተከተሏቸው። ስብሰባው በጭቅጭቅ ተበተነ፤ የእርከኑም ሥራ ለሳምንታት ዘገየ። ለማስተባበር የሄድነው እኛም በዚያች ሰዓት አንዳች ቃል ሳንናገር ወጣን። በኋላ ስንጠይቅ ወጣቱ በዚያው አጥቢያ የተጠመቀና በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ መሆኑን ተረዳን። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቀርቷል።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው ነው። በቤተ ክርስቲያንና በሕዝብ ኑሮ ውስጥ ባላት ስፍራ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ ዛሬ ከሩቅ ብቻ አይመጣም፤ በቀበሌ ስብሰባ፣ በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያ፣ አንዳንዴም በገዛ ቤታችን ማዕድ ዙሪያ ይሰማል። ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ በምዕራፍ 3 ቁጥር 15 ስለ ተስፋችን ምክንያት ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀን እንድንሆን ያዝዘናል። ይህም በየዋህነትና በፍርሃት እንዲሆን አክሎ ያስጠነቅቀናል። ብዙዎቻችን የትእዛዙን የመጀመሪያ ክፍል ይዘን ሁለተኛውን ዘንግተነዋል።

አበው ለተቃዋሚ እንዴት መልስ ይሰጡ እንደ ነበር ማወቅ ለዚህ ይረዳል። ከሰማዕቱ ከቅዱስ መርቆሬዎስ ታሪክ ጋር ስሙ የሚነሣውን ዑልያኖስ ከሐዲን የማያውቅ ካህን የለም። ይህ ንጉሥ እ.ኤ.አ. ከ361 እስከ 363 የሮምን መንግሥት ገዝቷል። በክርስትና ያደገና በወጣትነቱ በቤተ ክርስቲያን በአናጕንስጢስነት ያገለገለ ሰው ነበር። ነገሠና ክርስቲያን መምህራን የጥንቱን የግሪክ ሥነ ጽሑፍ እንዳያስተምሩ ከለከለ፤ ክርስቲያኖችንም «ገሊላውያን» እያለ የሚነቅፍ መጽሐፍ ጻፈ። ከሰባ ዓመታት ያህል በኋላ የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስ ለዚያ መጽሐፍ ሰፊ መልስ አዘጋጀ። አሠራሩን ልብ እንበል፤ ቅዱስ ቄርሎስ አስቀድሞ የዑልያኖስን ቃል ጠቅሶ ያቀርባል፣ ከዚያ በኋላ ይመልሳል። የዑልያኖስ መጽሐፍ ራሱ ጠፍቷል፤ ዛሬ ስለ ይዘቱ የምናውቀው አብዛኛው በቅዱስ ቄርሎስ መልስ ውስጥ ተጠቅሶ ስለ ተገኘ ነው። የከሐዲውን ክርክር ለታሪክ ያቈየው የቤተ ክርስቲያን አባት ነው ማለት ነው። እኛ ግን የተቃዋሚያችንን ነገር አቋርጠን ወይም ሰማን ያልነውን አጣመን ለመመለስ እንቸኩላለን።

ዑልያኖስ ሌላም ነገር ትቶልናል። በገላትያ ለነበረ የአሕዛብ ሊቀ ካህናት በጻፈው ደብዳቤ ገሊላውያን እንግዳ ስለሚቀበሉ፣ ሙታንን በክብር ስለሚቀብሩ፣ ከራሳቸው ድሆች አልፈው የአሕዛብን ድሆች ጭምር ስለሚረዱ ሃይማኖታቸው እንደ ተስፋፋ ይመሰክራል። የአሕዛብ ካህናትም እንዲሁ ያደርጉ ዘንድ የእንግዳ ማረፊያ እንዲሠሩ አዘዘ። ጠላት ሊክደው ያልቻለው የክርስቲያኖችን ክርክር ሳይሆን የእጃቸውን ሥራ ነበር። በልማት ክፍል የምናገለግል ሰዎች ይህን ደብዳቤ ስናስብ ትንሽ ደስ ቢለን አይፈረድብንም።

አሁን ወደ በዓሉ ክርክር እንመለስ፤ በገጠር አጥቢያዎች ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው እርሱ ነውና። ለወጣቱ ባለሙያ የሚገባው መልስ «በዓል አይነካም» የሚል አልነበረም፤ «የትኛው በዓል?» የሚል ጥያቄ ይበቃ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሰንበታትን፣ ዘጠኙን ዐበይትና ዘጠኙን ንኡሳን የጌታ በዓላት፣ ሠላሳ ሦስቱን የእመቤታችንን በዓላት፣ የመላእክትንና የቅዱሳንንም በዓላት እንደየማዕረጋቸው ታከብራለች። ሁሉም በአንድ ሚዛን አይመዘኑም፤ ሥራን ስለ መተውም ያለው ሥርዓት አንድ አይደለም። ከዚህ ውጭ የአጥቢያው ሰው ራሱ ያሰራቸው ቀኖች አሉ። አንድ ዓመት በረዶ ሰብሉን ይመታል፤ ወይም ተምች ይወርዳል፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በዚያ ቀን ዳግመኛ እርሻ እንዳይነካ ይማማላሉ። ቃሉ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ምክንያቱ ይረሳና ቀኑ ይቀራል። ከሁለት ትውልድ በኋላ ማንም ሰው ይህ የቤተ ክርስቲያን ትእዛዝ ነው ብሎ ያምናል።

እንግዲህ ባለሙያው የተናገረው ከፊሉ እውነት ነበር። እውነት የሆነውን ነገር ከባለጋራ አፍ ስለ ሰማነው ሐሰት ልናደርገው አይቻለንም። ደግሞም ያላስተዋለው ነበር። በብዙ አጥቢያዎች እርሻ በማይነካበት ቀን ገበሬው ወደ ገበያ ይሄዳል፤ አጥር ያጥራል፤ የታመመ ጎረቤት ይጠይቃል፤ ማኅበሩን ይጠጣል፤ ዕርቅ ያወርዳል። የመንደሩ የጋራ ጉዳይ ሁሉ የሚታየው በዚያ ቀን ነው። እኛስ ስብሰባችንን የጠራነው በምን ቀን ነበር? በበዓል ቀን ነበር፤ በሌላ ቀን ሰው አይገኝምና። ይህን ያን ጊዜ ቢያስታውሱት ኖሮ ቁጣው በሳቅ ባለፈ ነበር።

የጾም ጉዳይም ከዚህ ይቀራረባል። የጤና ባለሙያዎች ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በጾም ትጎዳለች ብለው ሲናገሩ ብዙ ካህናት ጾምን እንደ ነቀፉ ይቈጥሩባቸዋል። ሕፃናትና ሕሙማን ግን በጾም ግዴታ አይያዙም፤ እናቶችም እንደ አቅማቸው በንስሐ አባታቸው ምክር ይመራሉ። ይህን በዐውደ ምሕረት ካህኑ ራሱ ቢናገረው ክርክሩ ያበቃል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር አንድነት ሊወስዱ እንደሚችሉ በይፋ ሲያስተምሩ የሆነው ይኸው ነው። መድኃኒቱን ትተው በጸበል ቦታ ብቻ ይኖሩ ለነበሩ ሰዎች ከሐኪም ትእዛዝ ይልቅ የፓትርያርኩ ቃል ደርሶላቸዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከተማሩት ወገኖች ነው፤ ስለ መሬት ነው። «ሲሶው ለቀዳሽ» የሚለውን አባባል እያነሡ ቤተ ክርስቲያን የሀገሪቱን ሲሶ መሬት ይዛ ገበሬውን ትበዘብዝ ነበር ይላሉ። እዚህ ላይ ርስትና ጉልትን መለየት ያስፈልጋል። ርስት መሬቱን በዘር ይዞ የማረስ መብት ሲሆን ጉልት ከዚያ መሬት የሚወጣውን ግብር የመቀበል መብት ነው። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የቤተ ክርስቲያን መሬት የሚባለው አብዛኛው በጉልት የተሰጠ ነበር፤ ርስቱ የገበሬው ነበር። ይሁን እንጂ ይህን ይዘን ሁሉን ነገር ነጻ እናወጣለን ብንል አንታመንም። በደቡብ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተተከለው የገባር ሥርዓት በብዙ ገበሬ ላይ ከባድ ቀንበር ነበር፤ ካህናትም ከዚያ ሥርዓት ተጠቃሚዎች ነበሩ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡት ተማሪዎች ብዙዎቹ የካህናትና የገበሬ ልጆች እንደ ነበሩ አንርሳ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የኖረችበትን ገቢ በአንድ ቀን አጣች። በዓመቱ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያ መከራ ውስጥ አጥቢያዎችን ያቈየው ግን ራሳቸው ፓትርያርኩ ከአብዮቱ አስቀድመው በ1965 ዓ.ም. ያወጁት ቃለ ዓዋዲ ነው። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ የሰበካ ጉባኤ አባላት የተቀመጣችሁበት ወንበር ከዚያ ሕግ የተገኘ ነው። ካህኑ በጉልት ግብር መኖሩ ቀርቶ በምእመናን አስተዋጽኦ መኖር ጀመረ፤ ምእመናንም ሒሳብ የመጠየቅ ሥልጣን አገኙ። መሬቱን መነጠቃችን መልካም ነበር አንልም፤ በግፍ የፈሰሰውም ደም አለ። ነገር ግን የዛሬዋ ድሃ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ለመንደርዋ ከምታገለግለው ብዙው ከምእመናን ኪስ የሚወጣ መሆኑ፣ ያ የቀድሞ ነቀፋ በዛሬዎቹ ካህናት ላይ እንዳይጸና አድርጎታል ብለን እናምናለን።

ሦስተኛው ሕግን የሚጠቅሰው ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 ቤተ ክርስቲያናችንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ያደርጋት ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለያይቷል፤ የመንግሥት ሃይማኖት እንዳይኖር፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ደንግጓል። ከዚህ ተነሥተው «ካህን በቀበሌ ጉዳይ ምን አገባው?» የሚሉ አሉ። አንቀጹ የለያየው ሁለቱን ተቋማት ነው፤ ካህኑ ዜጋ መሆኑን አልሻረም። በአንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች ሃይማኖታቸውን የማስተማሪያና የማስተዳደሪያ ተቋማት እንዲመሠርቱ ተፈቅዷል። በሌላ በኩል አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ስለሚል፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ጉባኤ እናድርግ ብሎ መከራከር ሕጉን አለማንበብ ነው። እዚህ ላይ እኛም እንሳሳታለን። በፕሮጀክት ገንዘብ የተቈፈረ የውኃ ጉድጓድ ላይ ማን አስቀድሞ እንደሚቀዳ በእምነት የሚለይ ኮሚቴ ቢኖር፣ የአንቀጽ 11 ተከራካሪዎች ትክክል ይሆናሉ። ኮሚሽናችን ስደተኞችን ሲያገለግል እምነታቸውን ሳይጠይቅ እንደሚያገለግል ለሚጠይቁን ሁሉ በግልጽ እንናገር።

ለግብርና ባለሙያዎች ደግሞ አንድ ነገር ማሳየት ይቻላል። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋዎች ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ሳይመነጠር የቀረው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ነው። በደቡብ ጎንደር ያሉትን እነዚህን ደኖች እንደ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያሉ ምሁራን አጥንተዋቸዋል፤ ከብት እንዳይገባባቸውም በብዙ ስፍራ የድንጋይ ካብ ተሠርቶላቸዋል። ደኑን ያቈየው ያው በዓል የሚያከብረው ገበሬ ነው።

ወደ ሰሜን ሸዋው አጥቢያ ከወር በኋላ ተመልሰን ሄድን። አስተዳዳሪው አስቀድመው ወደ ወጣቱ ቤት ሽማግሌ ልከው ነበር፤ የተቆጡት ካህንም በጉባኤው ፊት ይቅርታ ጠየቁት። ከዚያም የወሩን ቀኖች አንድ በአንድ ቈጠሩ፤ በሥርዓት የታዘዘውንና በመንደሩ መሐላ የታሰረውን እየለዩ በወረቀት አሰፈሩ። ጸሐፊው ያው ወጣት ነበር። በመሐላ በታሰሩት ቀኖች ከቅዳሴ በኋላ እርከን እንዲሠራና ችግኝ እንዲተከል ተስማሙ። በወር በገባ በ5 ቀን በሚውለው በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ላይ ግን ሽማግሌዎቹ በረዶውን ፈርተው አልተቀበሉም፤ ነገሩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጥሯል።