የባሕር ጭቃ እና የድንቅነሽ ዕድሜ

ድንቅነሽ የተገኘችበት 50ኛ ዓመት በ2017 ዓ.ም. ሲታሰብ 3.18 ሚሊዮን ዓመት የሚለው ቁጥር ደጋግሞ ተሰምቷል። ቁጥሩ እስኪረጋ ከተሰለፉት ምስክሮች አንዱ የወጣው ግን እሷ ከተገኘችበት ከሐዳር ሳይሆን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 ግሎማር ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ተነሥታ የባሕሩን ወለል ስትቆፍር ድንቅነሽ ገና አፈር ውስጥ ነበረች። በወጣው ጭቃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች የተዉት የኖራ ቅርፊት ሞልቷል። እያንዳንዱ ዝርያ የሚታይበትና የሚጠፋበት ዘመን አለው፤ የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ዲስኮአስተሮች ለምሳሌ የጠፉት ከ1.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። እነሱ የበዙበት ደለል፣ ከሌላ ቦታ ታጥቦ ካልመጣ፣ ከዚያ ይቀድማል።

በዚሁ ጭቃ መካከል ነፋስ ያመጣው የእሳተ ገሞራ አመድ በስሱ ተነጥፏል። የሐዳር ዕድሜ በ3 እና በ4 ሚሊዮን ዓመት መካከል ሲያከራክር፣ የሥነ ምድር ተመራማሪው ፍራንክ ብራውን በ1982 የሐዳሩ ሲዲ ሃኮማ እና የቱርካናው ቱሉ ቦር አንድ አመድ መሆናቸውን አሳየ። በ1985 ደግሞ አንድሬይ ሳርና-ቮይቺትስኪ ከብራውንና ከአልጌ ቅሪት አዋቂው ፒተር ሮት ጋር ሆኖ የየብሱን አመድ ከባሕሩ አመድ ጋር በአመዱ መስታወት ኬሚካላዊ ይዘት አዛመደ። ዕድሜውን ከላይና ከታች ያሉት ቅርፊቶች ወሰኑት። በ1990ዎቹ የአርጎን የዕድሜ ልኬት ሲዲ ሃኮማን 3.4 ሚሊዮን፣ ከድንቅነሽ ሥር ያለውን የአመድ ንጣፍ 3.18 ሚሊዮን አለው። ምስጋናው ሁሉ ለአርጎን መሄዱ ይቆጨኛል፤ አርጎንን በፍንዳታው የተቀላቀለ አሮጌ ክሪስታል ሊያሳስተው ይችላል፣ አልጌዎቹ ግን ስለዚያ ክሪስታል ምንም የማያውቁ ነጻ ምስክር ናቸው።

ከሰማይ የወደቀ አለት የበተነው ፍርስራሽም ዘመን ይለያል። የ66 ሚሊዮን ዓመቱ ኢሪዲየምና በሕንድ ውቅያኖስ ደለል የሚገኙት የ790 ሺህ ዓመት ገደማ የመስታወት ፍንጣሪዎች ይታወቃሉ። ይሁንና እንዲህ ያለው ግጭት ብርቅ ነው፤ ለእኛ አካባቢ አመዱ ይበልጥ ይረዳል። የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ደለል የሚለካበት ራዲዮካርቦን ደግሞ ከ50 ሺህ ዓመት ብዙም ስለማያልፍ ለድንቅነሽ ዘመን አይደርስም።

ደሴ የተቀመጠችበት የወሎ ጥቁር ድንጋይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ከዚያው የኢትዮጵያና የየመን ፍንዳታ የተነሣ አመድ በሕንድ ውቅያኖስ ደለል ውስጥ እንዳለ፣ ዘመኑም በአልጌዎቹና በማግኔት አቅጣጫ እንደተለየ አሳይቷል። የወገል ጤናን ወፋፍራም የአመድ አለቶች፣ ኦፓሉ የሚቆፈርባቸውን ጭምር፣ ከእነዚያ የባሕር ንጣፎች ጋር አንድ በአንድ የሚያዛምድ ሥራ ለማየት በጣም እጓጓለሁ።