የመስቀል ክትፎ ሆድ ከገባ በኋላ

መስከረም አጋማሽ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ የሚሄደው መኪና መቀመጫ አይገኝለትም። ነጋዴውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም፣ ተማሪውም አገሩ ይገባል። እምድብርና በዙሪያዋ ያለው የቸሃ ጉራጌ ለዚህ የመስቀል ሰሞን ዓመቱን ሙሉ ሲቆጥብ ነው የሚከርመው፤ ወንዶቹ ለበሬው እቁብ ይጥላሉ፣ ሴቶቹ ውጆ በሚሉት ማኅበር ቅቤ ያጠራቅማሉ። ያ ሁሉ ሥጋና ቅቤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲበላ ሆድ ውስጥ ምን ይሆናል?

እርዱ ከመድረሱ በፊት የጎመን ክትፎ የሚበላበት ቀን አለ። ጎመኑ ተቀቅሎ፣ ደቅቆ ተከትፎ፣ ቅቤ ይገባበትና ከአይብና ከቆጮ ጋር ይቀርባል። ይህን ቅደም ተከተል እወደዋለሁ፤ ለአንጀት ይስማማልና። ጎመን ፋይበር አለው፤ ሥጋና ቅቤ ግን ምንም የላቸውም። በበዓል ሰሞን ሆድ ድርቀት የሚበዛውም ጎመኑ በዋዜማው ብቻ ተበልቶ ከዚያ ወዲያ ስለሚረሳ ነው። እስከ በዓሉ መጨረሻ ከክትፎው ጎን አይጥፋ። ውኃም እንዲሁ፤ ጠላና አረቄ ውኃን አይተኩም፣ አረቄማ ጭራሽ ከሰውነት ያስወጣል።

አሁን ወደ ሥጋው እንምጣ። የኮሶ ትል መነሻው ሰው ነው። ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ሣር ላይ ይቀራል፣ ለወራትም ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። በሬው ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉ አንጀቱ ውስጥ ይፈለፈላል፤ እጩ በደም ተጉዞ ጡንቻው ውስጥ ይቀመጥና በሁለት ሦስት ወር ከአተር ፍሬ የማትበልጥ፣ ውኃ የቋጠረች ነጭ ከረጢት ይሆናል። በሬው አይከሳም፣ አያመውም፤ ገበያ ላይ አይቶ የሚያውቅበት ሰው የለም። ያቺ ከረጢት በጥሬ ሥጋ ውስጥ ወደ ሰው ስትገባ ትከፈታለች፤ ከውስጧ የሚወጣው ትል ጭንቅላቱን ትንሹ አንጀት ላይ አጣብቆ ያድጋል። ብዙ ጊዜ ከ4 ሜትር በላይ ይረዝማል። ቁራጮቹ ከሰገራ ጋር መውጣት የሚጀምሩት ከ2 እስከ 3 ወር ቆይተው ነው። ስለዚህ በመስቀል የገባ ኮሶ የሚታየው ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ክትፎውን ማንም አያስታውሰውም።

ሚጥሚጣው ያቃጥለዋል፣ አረቄው ይገድለዋል የሚሉ አሉ። ሁለቱም አይነኩትም። የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ሥጋው እስከ ውስጡ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ያልቅለታል። ለብለብ ላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ንጥር ቅቤው ብረት ምጣድ ላይ ሞቆ ክትፎው ገባ ወጣ ሲደረግ ላይ ላዩ ይለወጣል እንጂ መሀሉ ቀይ እንደሆነ ይቀራል። አንድ ማንኪያ ከመሀል አውጥተው በብርሃን ይዩት፤ ቅላቱ ጨርሶ ካልጠፋ ለኮሶ ሲባል ጥሬ ነው። ብርድም ይገድለዋል፤ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ 10 ቀን የሰነበተ ሥጋ ከኮሶ ነፃ ነው። ድርሻውን አዲስ አበባ ይዞ ለሚመለስ ሰው ይህ ይጠቅመዋል። ለኮሶ ብቻ ነው ታዲያ፤ ባክቴሪያ በብርድ አይሞትም።

ባክቴሪያው መንገዱ ሌላ ነው። ያልተከተፈ ሙዳ ላይ በአብዛኛው ላዩ ላይ ይቀመጣል፤ ቢላው ሲደጋገምበት ግን ላይ የነበረው ውስጥ ይገባል። ጠዋት ተከትፎ ከሰዓት በኋላ ለሚመጣ እንግዳ የተቀመጠ ክትፎ አደጋው የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሥጋው ሙዳውን ይቆይ፣ እንግዳው ሲቀመጥ ይከተፍ። ጨጓራና አንጀት የነካ ቢላ በሳሙና ሳይታጠብ ወደ መክተፊያው አይምጣ።

ቄራ ላይ የእንስሳት ሐኪሙ ምላሱን፣ ልቡንና የመንጋጋውን ሥጋ ሰንጥቆ ያያል፤ የኮሶዋ ከረጢት እነዚህን ቦታዎች ታዘወትራለችና። ግቢ ውስጥ ሲታረድ ይህን የሚያደርግ የለም። የበሬውን ወጪ ከሚጋሩት ቤተሰቦች አንዱ በአካባቢው ያለ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቢጠራ የሁሉም ጠረጴዛ ይጠበቃል። የታመመ ወይም በድንገት የሞተ ከብት ግን፣ ገንዘቡ ያንገበግባል፣ ቢሆንም አይበላም፣ አይገፈፍምም። አባ ሰንጋ ከሆነ ሥጋውን የበላ ብቻ ሳይሆን ቆዳውን የነካም ይታመማል። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃንና ሰውነቱ በሕመም የደከመ ሰው የበሰለውን ይብሉ። ይህን ነፍሰ ጡሯ እንግዳ በሰው ፊት እንድትጠይቅ ከመጠበቅ የቤቱ እመቤት ቀድማ ብታቀርብላት ደግ ነው።

ቅቤው ደግሞ ጨጓራ ውስጥ ምግቡን ያዘገየዋል። ከባድ ማዕድ በልቶ ወዲያው የተጋደመ ሰው ደረቱን የሚያቃጥለው፣ ጨጓራው ገና ሳይራገፍ አሲዱ ሽቅብ ስለሚመለስበት ነው። በየቤቱ መዞር የበዓሉ ወግ ስለሆነ በእግር ይዙሩ፤ በየደረሱበት ግን ጥቂት ጥቂት ይቅመሱ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ለሻንጣ አይተውም፣ በእጅ ይያዛል። ሪህ ያለበት ሰው ሥጋና አረቄ ባንድ ቀን ሲደራረቡበት ሌሊት የእግሩ አውራ ጣት ሊቀሰቅሰው ይችላል። ከቀኝ ጎድን ሥር የሚጀምርና ሰዓታት የሚቆይ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ከታከለበት በተለይ፣ የሐሞት ከረጢት ሊሆን ስለሚችል ቤት ተኝተው አያሳልፉት። ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ በኩል የአጣጥ ሆስፒታል አለ፤ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አካባቢውን ያገለግላል።

ታኅሣሥ ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ አንዳንዴም የሚንቀሳቀስ ቁራጭ ሰገራ ላይ ካዩ አይደንግጡ፣ ሐፍረትም አይሰማዎት። የኮሶ ዛፍ አበባ ትሉን ለማስወጣት ለዘመናት ሲጠጣ ኖሯል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል በክብደት ተለክቶ አንድ ጊዜ ብቻ ይዋጣል። ኪኒኑን የዋጡ ሰሞን ሽንት ቤት እንጂ ሜዳ አይውጡ፤ የሚወጣው ቁራጭ በእንቁላል የተሞላ ነው፣ የከርሞው በሬም የሚግጠው እዚያው መስክ ላይ ነው። ከ3 ወር በኋላ ቁራጩ እንደገና ከታየ ጭንቅላቱ ቀርቷል ወይም አዲስ ገብቷል ማለት ስለሆነ ተመልሰው ይታያሉ።