ፋየርዎል፦ የደንቦች ቅደም ተከተልና ዘግቶ የመክፈት ሥርዓት



ፋየርዎል በመሠረቱ ከላይ ወደ ታች የሚነበብ የደንብ ዝርዝር ነው። በሊኑክሱ አይፒቴብልስ ፓኬቱ የሚስማማውን የፍቀድ ወይም የከልክል ደንብ ሲያገኝ ፍርዱ በዚያው ያበቃል። እንግዲህ «ሁሉን ፍቀድ» የሚል መስመር ከላይ ከተቀመጠ ከሥሩ ያሉት ሃምሳ ክልከላዎች ከጌጥ አያልፉም።

አስተማማኙ አካሄድ ሁሉን ዘግቶ የሚያስፈልገውን ብቻ መክፈት ነው። በጃንዋሪ 2003 እ.ኤ.አ. የተሠራጨው ስላመር የተባለው ዎርም 376 ባይት ብቻ ነበር፤ በአንዲት የዩዲፒ ፓኬት፣ በ1434ኛው ፖርት ይገባ ነበር። ያን ፖርት ለውጭው ዓለም መክፈት የሚያስፈልገው ተቋም እምብዛም ነው።

መዝጋትም ግን ጥንቃቄ ይሻል። በወጣትነቴ ከቤቴ ሆኜ የአንድ ተቋም ሰርቨር ሳስተካክል፣ 22ኛውን ፖርት ሳልፈቅድ መነሻ ፖሊሲውን ወደ ከልክል ለወጥሁት። ግንኙነቱ ወዲያው ተቋረጠ። ማለዳ ሰርቨሩ ወዳለበት ክፍል ብገሰግስ፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ገና አልመጣም (የዚያን ቀን ጥበቃ ዛሬም አልረሳውም)።

ከዚያ ወዲህ በርቀት ስሠራ፣ የቀድሞዎቹን ደንቦች ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚመልስ ትእዛዝ አስቀድሜ አስይዛለሁ። ቀጥዬ የተመሠረቱ ግንኙነቶችን የሚያሳልፈውን፣ ኤስኤስኤችንም ከታወቀ አድራሻ ብቻ የሚፈቅደውን ደንብ አስገባለሁ፤ መነሻ ፖሊሲው የሚለወጠው በመጨረሻ ነው። ፍተሻው በሌላ መስኮት፣ በአዲስ ግንኙነት ይሁን፤ አሮጌው መስኮት የሚሠራው ቀድሞ በተመሠረተው ግንኙነት ስለሆነ ምንም አያረጋግጥም። አዲሱ ሲገባ ብቻ የመመለሻውን ትእዛዝ እሰርዛለሁ።