ትከሻው ሳይመታ ትከሻውን ለምን አመመው? የጣፊያ መፈንዳት ምልክቶች



እስቲ አንድ ልጅ እናስብ። ኳስ ሲጫወት የሌላ ልጅ ጉልበት ግራ ጎኑን መታው። ትንሽ አረፍ ብሎ ተነሳና ጨዋታውን ጨረሰ። ማታ ላይ ግን "ግራ ትከሻዬን አመመኝ" አለ። እናቱ "ብርድ መቶህ ነው፣ ቅባት ልቀባህ" አሉት። ትከሻው ግን አልተመታም!

ጣፊያ በሆዳችን የላይኛው ክፍል በግራ በኩል፣ ከጎድን አጥንት ስር የምትገኝ የቡጢ ያህል መጠን ያላት አካል ናት። ብዙ ደም ስለምትይዝ ከተቀደደች ደሙ ወደ ሆድ ውስጥ ይፈሳል። ከውጭ ቁስልም ደምም ላይታይ ይችላል። የፈሰሰው ደም ሆድና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ ሲነካው፣ የዚህ ጡንቻና የትከሻ ነርቮች መነሻቸው አንገት ላይ አንድ ቦታ በመሆኑ፣ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል።

ግራ ጎኑን የተመታ ሰው ላይ እነዚህን ካያችሁ ቶሎ ወደ ሆስፒታል፦

• በግራ በኩል የላይኛው ሆድ ሕመም፣ በተለይ ሲነካ ወይም በደንብ ሲተነፍስ የሚብስ
• ያልተመታ ግራ ትከሻ ላይ ሕመም
• የሆድ መነፋት ወይም መጠንከር
• ሲነሳ ማዞር፣ ራስን መሳት
• የፊት መገርጣት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን
• ግራ መጋባት ወይም ከወትሮው የተለየ ድብታ

"ከተመታ ሦስት ቀን ሆነው እኮ!" ብላችሁ አትዘናጉ። አንዳንዴ ደሙ በጣፊያዋ ሽፋን ውስጥ ተጠራቅሞ ከቀናት፣ አልፎ አልፎም ከሳምንታት በኋላ ይፈነዳል።

በወባ፣ በካላዛር ወይም በጉበት በሽታ ምክንያት "ጣፊያህ አብጧል" የተባለ ሰው ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቅ። ያበጠ ጣፊያ በቀላል ምትም ሊፈነዳ ይችላል። ከባጃጅ ወይም ከሞተር መውደቅ፣ የከብት እርግጫና ድብድብም የተለመዱ መንስኤዎች ናቸው። ልጆች ተጣልተው ከሆነ ቁጣ ፈርተው ይደብቃሉ፤ ስለዚህ ሳትቆጡ ጠይቋቸው።

ምን እናድርግ?

• አጋድሙት፣ ብርድ ልብስ አልብሱት
• 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ፣ ወይም ባገኛችሁት መኪና ኦፕሬሽን ወደሚሠራበት ሆስፒታል ውሰዱት
• ለሐኪሙ "ግራ ጎኑን ተመቷል" ብላችሁ መጀመሪያ ንገሩ

ምን አናድርግ?

• ሆዱን አታሹ፣ ወጌሻ ጋር አትውሰዱት
• አስፕሪን፣ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትስጡ፤ መድማቱን ያብሳሉ
• ኦፕሬሽን ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብም መጠጥም አትስጡ
• "ተኝቶ ሲነሳ ይሻለዋል" አትበሉ

"ሆስፒታል ከሄድኩ ይቀዱኛል" ብሎ የሚፈራ ብዙ ሰው አለ። ሁሉም ግን ኦፕሬሽን አይደረግም። የደም ግፊቱ የተረጋጋ ታካሚ ሆስፒታል ተኝቶ በቅርብ ክትትል ብቻ ሊድን ይችላል። ጣፊያ ብትወጣም ያለ እሷ መኖር ይቻላል፤ ነገር ግን ክትባት ያስፈልጋል፣ ትኩሳት ሲመጣም ሳይውሉ ሳያድሩ መታከም ግድ ነው።

ያ ልጅ ቅባት ተቀብቶ መተኛት የለበትም። ዛሬ ማታውኑ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

የሚያሽከረክር፣ ኳስ የሚጫወት ወይም ወባ በሚበዛበት አካባቢ የሚኖር ወዳጅ ካላችሁ ይህን አጋሩት።