ገድልን ለታሪክ ያነበቡት ሊቅ፤ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት

ከቅዱሳን ገድል ታሪክ ይገኛል ወይ የሚለው ጥያቄ ሊቃውንቱን ለብዙ ዘመን ሲያከራክር የኖረ ነው፤ ገሚሱ መጽሐፉን በእምነት ተሳልሞ ዘመኑንና ቦታውን መመርመርን እንደ ድፍረት ሲቈጥረው፣ ገሚሱ ደግሞ ተአምራቱን ብቻ አይቶ ከነመጽሐፉ ይንቀዋል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ መንገድ መርጠው፣ ገድሉን ሳያቃልሉ ደግሞም ሳይመረምሩ ባለመቀበል፣ የመካከለኛውን ዘመን ሃይማኖትና ኑሮ በማጥናት ዕድሜያቸውን የፈጸሙ ሊቅ ናቸው።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ተወልደው፣ በ1968 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ያገኙበትን ድርሳን መሠረት አድርገው በ1972 በኦክስፎርድ ያሳተሙት መጽሐፍ፣ ይኩኖ አምላክ ከነገሠበት ከ1270 እስከ 1527፣ ማለት እስከ ኢማም አሕመድ ጦርነት ዋዜማ ድረስ፣ የቤተ ክርስቲያንንና የመንግሥትን ግንኙነት የሚተነትን ነው።

የአሠራራቸውን ረቂቅነት ለማስረዳት የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ነገር ማንሣት ይበቃል። መንግሥቱ ከዛጔ ነገሥታት ወደ ይኩኖ አምላክ እንዲመለስ የረዱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው የሚለው የደብረ ሊባኖስ ትውፊት በሀገሩ ሁሉ የተሰማ ሲሆን፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ግን ይህንኑ ክብር የሚሰጡት በ1248 በዚያ ማኅበረ መነኮሳትን ላቋቋሙት፣ ለተክለ ሃይማኖትም መምህራቸው ለነበሩት ለአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ነው። የሐይቅ አበምኔት በቤተ መንግሥት ዐቃቤ ሰዓት፣ የደብረ ሊባኖስም አበምኔት በኋላ ዘመን እጨጌ እየተባለ የሚከበር ስለ ነበረ፣ ትውፊቱ የገዳማቱን ማዕርግና ርስት የሚደግፍ ምስክር ጭምር ነበር። ስለዚህ ታሪክ መርማሪው የማንኛው ቃል እውነት ነው ብሎ ከመፍረዱ በፊት፣ ገድሉ መቼ ተጻፈ፣ በማን እጅ ተጻፈ፣ ለማንስ ይጠቅማል ብሎ ይጠይቃል። እኔ እንደምፈርደው የእኚህ ሊቅ ታላቅ ውለታ ይህ ጥያቄ ነው። የሐይቅን አበምኔቶች ተራ እስከ 1535 ድረስ ተከታትለው በ1970 ያወጡት ጽሑፍም ከዚሁ ጥንቃቄ የተወለደ ነው፤ በዚያ ጥናት በገዳሙ ወንጌል ባዶ ቅጠል ላይ ስለ ርስትና ስለ ሹመት የተጻፈች አጭር ማስታወሻ፣ ከረዥም ገድል ይልቅ ዘመኑን አጥርታ የምትመሰክርበት ጊዜ አለ።

መነኮሳቱ የንጉሥ ተከታዮች ብቻ እንዳልነበሩም መጽሐፉ አጕልቶ ያሳያል። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ሰንበተ አይሁድን እናከብራለን በማለታቸው ብዙ ስደት ከተቀበሉ በኋላ፣ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበት እንዲከበር አስወስነዋል፤ ለምድራዊ ንጉሥ አንሰግድም ባሉት በአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ላይ ግን የእኒሁ ንጉሥ ክንድ እጅግ ከብዶባቸዋል።

የመጽሐፉ ብርሃን ይበልጡን የሚያርፈው በቤተ መንግሥትና በገዳም ላይ ነው፤ ምንጮቹ የሚበዙት ከዚያው ስለ ሆነ ነው። ደራሲው ግን በዚያ አልቆሙም። በ1988 ባወጧቸው ጥናቶች፣ የአገውን ሕዝብ ታሪክ፣ እንዲሁም ቋንቋው ዛሬ የማይነገረውን የጋፋትን ሕዝብ ታሪክ መርምረዋል፤ ይህ ሥራቸው ከዋናው መጽሐፍ ባነሰ መጠን መነበቡ ያሳዝነኛል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከማስተማራቸውም ሌላ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን በዲሬክተርነት መርተዋል፤ ዩኔስኮ ባሳተመው በጠቅላላው የአፍሪካ ታሪክ አራተኛ ቅጽም ስለ አፍሪካ ቀንድ የሚናገረውን ምዕራፍ ጽፈዋል። በ2013 በአሜሪካ ዐርፈዋል።

በየደብሩ ዕቃ ቤት መጻሕፍትን የምትጠብቁ ካህናትና መሪጌቶች ሆይ፣ እንደ ሐይቁ ወንጌል ማስታወሻ ያለ ምስክር ሊገኝበት ይችላልና፣ የብራናው ጥራዝ ሲታደስ፣ ጽሕፈቱ የደበዘዘውን የፊትና የኋላ ቅጠል ቈርጣችሁ እንዳትጥሉ አደራ።