የድመት ዓይን ስለ ምን ቀለሙን ይለውጣል?

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባላል። አመሏን ባትረሳም የዓይኗን ቀለም ግን በግልገልነቷ እንደምትለውጥ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። እኔም ይህን ባለማወቄ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ አንደኛው ስሕተት ያስቃል፣ ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባለፈው ክረምት ድመታችን አራት ግልገሎች ወለደች። ሦስቱ ግራጫ ሲሆኑ አንዷ እንደ ጥጥ የነጣች ነበረች። የድመት ግልገል ዓይኑን ጨፍኖ ተወልዶ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይገልጣል። የእኛዎቹም ሲገልጡ የአራቱም ዓይን ሰማያዊ ነበረ። አንዲት ጎረቤታችን ይህን አይተው አንዱን ግራጫ መረጡ፤ እኔም ጡት ሲተው ላመጣላቸው ቃል ገባሁ። ሁለት ወር ሞልቶት በወሰድሁላቸው ጊዜ ግን ትክ ብለው ተመለከቱትና «ልጄ፣ የመረጥሁት ባለ ሰማያዊ ዓይኑን ነው፤ ይኸ ብጫ ነው፤ ለወጥህብኝ» አሉኝ። ብምልም አላመኑኝም። ስለዚህ የባዮሎጂ አስተማሪያችንን ጠይቄ፣ ከቤተ መጻሕፍትም አንብቤ የተረዳሁትን እነሆ።

ለዓይን ቀለም የሚሰጠው በብሌኑ ዙሪያ ያለው አይሪስ የሚባለው ክፍል ነው። በዚህ ውስጥ ሜላኒን የተባለውን ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ፤ ግልገሉ ሲወለድ ግን ገና ሥራቸውን አልጀመሩም። ታዲያ ሰማያዊው ከወዴት መጣ? በዓይን ውስጥ ሰማያዊ የሚባል ቀለም ፈጽሞ የለም። ብርሃን ሜላኒን በሌለው አይሪስ ላይ ሲያርፍ ይበተናል፤ ከሌላውም ብርሃን ይልቅ ሰማያዊው አብልጦ ስለሚበተን ወደ እኛ የሚመለሰው እርሱ ነው። ሰማይም ሰማያዊ ሆኖ የሚታየን በብርሃን መበተን ምክንያት ነው።

ግልገሉ አንድ ወር ካለፈው በኋላ ሕዋሳቱ ሜላኒን መሥራት ይጀምራሉ። ጥቂት ሲሠሩ ዓይኑ አረንጓዴ፣ ጨመር ሲያደርጉ ብጫ፣ እጅግ ሲበዛ መዳብ የመሰለ ይሆናል። በ3 ወይም በ4 ወር ገደማ ቀለሙ ይረጋል፤ አንዳንዱ ግን ከዚህም በላይ ይቆያል።

ሰማያዊ ሆነው የሚቀሩም አሉ። ትውልዷ ከታይላንድ የሆነው የሲያም ድመት ቀለም የሚሠራው በሚቀዘቅዘው የሰውነቷ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ጆሮዋና ጅራቷ ሲጠቁሩ ዓይኗ ሰማያዊ እንደ ሆነ ይኖራል። በነጭ ድመት ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ቀለም ሠሪዎቹ ሕዋሳት ገና በማኅፀን ሳሉ ወደ ቦታቸው ሳይደርሱ ይቀራሉ። በቱርክ አገር በቫን ሐይቅ አጠገብ የሚገኙት ነጭ ድመቶች አንዳንዶቹ አንድ ዓይናቸው ሰማያዊ፣ አንዱ ብጫ የሚሆነው ሕዋሳቱ በአንድ ወገን ብቻ ስለ ደረሱ ነው።

እነዚህ ሕዋሳት ለውስጠኛው ጆሮም ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ሰማያዊ ዓይን ካላቸው ነጭ ድመቶች ብዙዎቹ፣ ሁሉም ባይሆኑ፣ መስማት የተሳናቸው ናቸው። ቻርልስ ዳርዊን ይህንን በ1859 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ባሳተመው መጽሐፉ አመልክቶታል።

ይህን ሳነብ ደነገጥሁ። የነጯ ግልገላችን ዓይን እንደ ሰማያዊ ቀርቷል። ስጠራት ስለማትመጣ እልኸኛ መስላኝ በአርጩሜ መትቻት ነበር። በዚያው ማታ ግልገሎቹ ተኝተው ሳሉ ከኋላቸው ሆኜ አጨበጨብሁ። ግራጫዎቹ ዘለው ተነሡ፤ እርስዋ ግን ጆሮዋን እንኳ አላንቀሳቀሰችም።

ከዚያ ወዲህ የምጠራት ወለሉን በእግሬ መታ መታ በማድረግ ነው፤ ንዝረቱ ሲሰማት ትመጣለች። የመኪና ድምፅ ስለማትሰማም ወደ መንገድ እንዳትወጣ እንጠብቃታለን። ጎረቤታችንም ሦስቱን ግራጫዎች መጥተው ቢያዩ የሁሉም ዓይን ብጫ ሆኖ አገኙትና ስቀው ታረቁኝ።

አንባቢዎች ሆይ፣ የጠራችሁት ባይመጣ፣ እንቢተኛ ነው ብላችሁ ከመምታታችሁ በፊት መስማቱን አረጋግጡ። እኔ ይህን የተማርሁት ከመታሁ በኋላ ነው።