«ብናውቅ እንጠነቀቃለን»

የእንቅርት ታካሚ ናት፤ በዋዜማው የኦፕራሲዮን ሰሌዳ ላይ አንደኛ ተጽፋ ነበር። ጠዋት ስገባ ስሟ ወደ መጨረሻ ወርዷል፤ የኤችአይቪ ምርመራዋ ፖዘቲቭ ስለሆነ ካርዷ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ክብ ተሠርቶበታል። ከሌሊት ጀምሮ ምንም ሳትቀምስ ጠብቃ፣ ሰዓት አልቆ ሳትገባ ቀረች። ባሏ ኮሪደር ላይ «ከኋላ የነበሩት ሁሉ ሲገቡ የእሷ ለምን ቀረ?» ሲለኝ ምስጢሯን ሳልነካ የምመልስለት አልነበረኝም።

ከኦፕራሲዮን በፊት ኤችአይቪ ለምን እንደምንመረምር ባልደረቦቼን ስጠይቅ መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ብናውቅ እንጠነቀቃለን።» ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ውጤቱ ኔጋቲቭ ሲሆንስ? በየቀኑ የማየው ነው፤ ድርብ ጓንት ይቀራል፣ መነጽር ግንባር ላይ ይወጣል፣ መርፌ የያዘው መያዣ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ኔጋቲቭ የተባለው ሰው ግን ከሁለት ሳምንት በፊት ተይዞ ምርመራው ገና ያላሳየው ሊሆን ይችላል። ፖዘቲቭ የተባለችው ደግሞ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ወስዳ፣ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ደርሳ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ማንን ነው የምንፈራው?

ኤችአይቪ ያለበት ደም በነካው መርፌ የተወጋ ሰው የመያዝ ዕድሉ 0.3 በመቶ ገደማ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሠራተኛ ከ6 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል፤ በአገራችንም ብዙ ሰው ቫይረሱን ይዞ ይኖራል። በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት ሰሌዳ ሲገለበጥ ግን አይቼ አላውቅም። ሦስቱንም የክትባት ዙር ጨርሶ የወሰደ ስንት ነው ብዬ ስጠይቅም ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ምርመራውን አልቃወምም። ታካሚው ተጠይቆ፣ ፈቅዶ፣ ለራሱ ጤና ብሎ ይመርመር፤ ከተገኘበትም መድኃኒቱን ይጀምር። የኦፕራሲዮን ክፍል በር መክፈቻ ግን አይሁን። የፈነዳ ትርፍ አንጀት ሌሊት ሲመጣ ውጤት ሳንጠብቅ እንገባ የለ? ያን ሌሊት የምናደርገው ጥንቃቄ ጠዋትም ይቻላል።

ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። መርፌ የወጋው ሠራተኛ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱን ወዲያው፣ ቢዘገይ እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ጀምሮ ለ28 ቀን መውሰድ አለበት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወጋች ነርስ ግን ቁልፉ ቀን ከሚሠራው ፋርማሲስት ጋር ስለሆነ እስኪነጋ ትጠብቃለች። ቀይ እስክሪብቶው ቀርቶ መድኃኒቱ ተረኛው እጅ ይግባ።